ከእቴጌ ቆሎ ሥር

ሊይዙኝ የመጡት ከረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ፣ መጋረጃ እየለካሁ ሳለ ነው። ጆሃንስበርግ፣ ዱርንፎንቴን በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ድሮ ቢሮ በነበረ አሮጌ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከጎረቤቷ በኮምፔንሳቶ የተከፈለች ጠባብ ሱቅ ነበረችኝ። ፖሊሶቹ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ናቸው። ሊፍቱ ከቆመ ቆይቷልና ደረጃውን በእግራቸው ወጥተው ሁለቱም ያለከልካሉ። ሴትዮዋ ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቅኳት። ከዚያ ስሜን ከወረቀት ላይ አጣማ አነበበችው። እኔ ነኝ አልኳት። ሜትሩን ከአንገቴ አውርጄ ጠቀለልኩና ደንበኛዬን "ይቅርታ እህቴ፣ ሌላ ቀን" ብያት ወጣሁ።

ታች ስንደርስ የሐበሻ ነጋዴዎች ማኅበራችን ሊቀ መንበር ከመንገዱ ማዶ፣ ከአንድ ጫማ ቤት በር ላይ ቆሞ ነበር። ሲያየኝ ቶሎ ብሎ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈ። የስልኩ መስታወት ወደ መንገዱ፣ ጀርባው ወደ ጆሮው ነበር። ሰው ሲደነግጥ እንዲህ ያደርጋል። እኔ ግን ያኔ ስለ እኔ የደነገጠ መስሎኝ አዘንኩለት።

ያስገቡኝ ክፍል ግድግዳው እስከ ወገብ አረንጓዴ፣ ከዚያ በላይ ቅቤ መሳይ ቀለም ተቀብቷል። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የመጣው የበረኪና ሽታ ነው። ከበረኪናው ኋላ ደግሞ በረኪናው ሊሸፍነው ሞክሮ ያቃተው ሽታ መጣ። ከግድግዳው ጋር የተሠራ የሲሚንቶ መደብ፣ ሦስት ግራጫ ብርድ ልብስ፣ ጥግ ላይ መቀመጫ የሌለው የብረት ሽንት ቤት። መደቡ ላይ አንዲት ቀጭን ሴት እግሯን አጥፋ ተቀምጣለች። ጫማዋን አውልቃ፣ ልክ ቤቷ እንደገባች፣ ጎን ለጎን ደርድራዋለች።

"ሳውቦና" አልኳት፣ እዚህ አገር እንደሚባለው።

"እኔ እንኳ የዚምባብዌ ሰው ነኝ" አለችኝ በእንግሊዝኛ፣ ፈገግ ብላ። "ግን ሰላምታ ሰላምታ ነው።" ጠጋ ብላ ቦታ ሰጠችኝ።

አገሯ አስተማሪ ነበረች፤ እዚህ የሰው ቤት ታጸዳለች። ፔፐሯ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ጊዜው አልፎበት ነው የተያዘችው። እኔም አገሬ አስተማሪ ነበርኩ። ስብሰባ ላይ በተናገርኩት ነገር ሁለት ጊዜ ታስሬ ሁለት ጊዜ ተፈትቻለሁ። ሦስተኛው እንደማይፈታ ስለተነገረኝ ነው ተሰድጄ የመጣሁት። "አሁንስ በምን ያዙሽ?" ስትለኝ ግን አፌን ያዘኝ። ነገሩ ከማስፈራቱ ይልቅ ትንሽነቱ ያሳፍር ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሊቀ መንበራችንን ሚስት ሁሉም ሰው "እቴጌ" ይላታል። ማን እንዳወጣላት አላውቅም፤ እሷ ግን የተቀበለችው እንደ ርስት ነው። ሰርግ ቤት ስትገባ ሰው ከወንበሩ ይነሣል። ከፊት መሐል ያለው ወንበር የእሷ ነው። ሌላ ሰው ተቀምጦበት ካገኘች ተነሥ አትለውም፤ አጠገቡ ቆማ ትጠብቃለች፣ ሰውዬው ራሱ ደንግጦ ይነሣል። ፊት ለፊት አንቱ እላታለሁ። እዚህ ወረቀት ላይ ግን አልልም፤ ከእስር ያተረፍኩት ይህን ነው።

ልጇን የዳረች ቀን ማይክራፎን ጨበጠች። ልጅቱ እውነትም ቆንጆ ናት፤ ይህን ለመናገር እናቷ ባታስፈልግም።

"ልጄን እዩልኝ!" አለች። "በዚህ አገር ዘውድ ጭነው በቴሌቪዥን የሚቀርቡት ቆነጃጅት ሁሉ ተሰብስበው ቢመጡ የዚችን ልጅ ጫማ አይሸከሙም። ደግሞስ በማን ሱቅ በልተው ነው የሚያምሩት? እኛ አንድ ሳምንት ብንዘጋ ሎኬሽኑ ሁሉ በራብ ያልቃል!"

አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨብጭቤያለሁ። አንድ እጄ ሳህን ይዞ ስለነበር በሌላው ጭኔን ነው የመታሁት፤ ያም ቢሆን ማጨብጨብ ነው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ሰርጉ በስልክ በቀጥታ ይተላለፍ ነበር። ቪዲዮው ላይ የምትታየው ሙሽራዋ ናት፤ የተናጋሪዋ ድምፅ እንጂ ፊት የለም። አንዱ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው፣ ሌላው ወደ ዙሉ። በሳምንቱ አይቮሪ ፓርክ በሚባለው ሎኬሽን፣ የእኛ ሰዎች ሱቅ በከፈቱበት የጥቁሮች ሰፈር፣ ሰው ግልብጥ ብሎ ወጣ። ስፓዛ የሚባሉት የወንድሞቻችን ትናንሽ ሱቆች በግድ ተዘጉ፣ ሁለቱ ተዘረፉ። በሰዎቹ ቁጣ አልፈርድም፤ እኔንም እንዲያ ያለኝ ሰው ቢኖር ዝም ብዬ አላሳልፍም ነበር። ፖሊስ ደግሞ "ብንዘጋ" ያለችውን የአድማ ጥሪ አድርጎ ወስዶ፣ "ያቺ ተናጋሪ ማናት? ዝጉ ብሎ የሚያሳድመውስ ማነው?" እያለ መጠየቅ ጀመረ።

እኔ የማኅበሩ ጸሐፊ ነበርኩ። ሱቆቹ ይከፈቱ ብዬ ለፖሊስም ለማዘጋጃ ቤትም ማመልከቻ የምጽፈው እኔ ነኝ። ሰልፍ የወጣን ቀን ድምፅ ማጉያውን የያዝኩትም እኔ ነኝ። ጣቢያው ውስጥ ፊርማዬን የማያውቅ አልነበረም፤ የሚወደውም አልነበረም። ሊቀ መንበሩም ቢሆን በየስብሰባው ጥያቄ ስለማበዛ ጥርሱን ነክሶብኛል።

ማኅበራችን ነገር ሲከብደው ዕጣ ይጥላል። ልማዱ ከዕቁብ የመጣ ነው፤ ጣሳውም ያው የዕቁቡ ነው፣ ክብ ሰማያዊ የብስኩት ጣሳ። ዕጣውን የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ከደብተር ገጽ ላይ በማስመሪያ እኩል እቆርጣለሁ፣ ለአንድ ሰው አንድ፣ አራት ቦታ እያጠፍኩ። ፖሊስ መጠየቅ በጀመረ ሰሞን በተሰበሰብንበት ዕለት ሊቀ መንበሩ ተነሣና "ፖሊሶቹ የሚያነጋግሩት አንድ ተወካይ ይፈልጋሉ። ለመነጋገር ብቻ ነው። ማን ይሂድ የሚለውን ለእግዚአብሔር እንተወው" አለ። ማስመሪያዬን ከቦርሳዬ ሳወጣ ደግሞ፣ "አንቺ ዛሬ እንኳ አትድከሚ፣ ጸሐፊያችን። እቤት ጽፌው መጥቻለሁ" አለኝ። ደስ አለኝ። ድካሜን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየልኝ መስሎኝ።

ተጸለየ። ከመካከላችን በዕድሜ ትልቁ ሽማግሌ ዓይናቸውን ጨፍነው እጃቸውን ከጣሳው ከተቱ። አገር ቤት የአንድ ወረዳ ሰዎች ነን፤ ወላጅ በሌለኝ በዚህ ከተማ "አባባ" የምለው እርሳቸውን ነው። ያወጡትን ወረቀት ለሊቀ መንበሩ ሰጡት፤ የእኔ ስም ተነበበ። "አሜን" ተባለ። እኔም አሜን አልኩ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ፖሊስ ጣቢያ ልሄድ አስቤ ነበር፤ እነሱ ግን ረፋዱ ላይ ቀድመውኝ መጡ።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ እቴጌ ልትጠይቀኝ መጣች። የጠያቂ ክፍሉ አንድ ጠረጴዛና አንድ አግዳሚ ወንበር ያለው ነው። አግዳሚው ላይ መሀረብ አንጥፋ ተቀመጠች። ሽቶዋ ከበረኪናው ጋር ተጣላ።

"ውይ ልጄ፣ እንዴት ከሳሽ!"

"ትናንት እኮ ነው የገባሁት፣ እትዬ።"

"እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ጋሼሽም እህል አስጠልቶታል።" ወደ በሩ አየች፤ ድምፅዋን ቀነሰች። "ስሚኝ። ነገ ከነገ ወዲያ ወረቀት ይመጣልሻል። ድምፁ የእኔ ነው፣ አድማውንም የጠራሁት እኔ ነኝ የሚል ነው። ፈርሚላቸው። ማኅበሩ ላውየር ያቆምልሻል።"

"ድምፁ የእርስዎ ነው፣ እትዬ።"

"እናት የሆነች ሰው አፏ ቢያመልጣት ምን ይደንቃል? ፖሊስ ግን ይህን አይሰማም። ልጄ ገና ጫጉላ ላይ ናት። እናቷ ታሰረች ቢባል የባሏ ቤተሰቦች ምን ይሏታል?"

"እኔስ?"

"አንቺ ባል የለሽ፣ ልጅ የለሽ" አለችኝ፣ እንደ ምርቃት። "ደግሞም ዕጣው ያንቺ ነው የወጣው። እግዚአብሔር የመረጠውን ማን ይሽረዋል?"

"ከፈረምኩ ወደ አገሬ ነው የሚልኩኝ። እዚያ ምን እንደሚጠብቀኝ ያውቃሉ።"

"አገርሽ እኮ ነው፤ ሁለት ጊዜ ገብተሽ ሁለት ጊዜ ወጥተሽ የለ?"

ይህን ስትል ፊቷ ላይ ክፋት ፈልጌ ነበር። አልነበረም። መልኳ መጋረጃ ስታማርጥ እንደማየው ያለ ነው፣ ይሄኛው ይሻላል ብላ እንደ ወሰነች ሴት። መጥፎ ሰው ብትሆን ኖሮ እፈራት ነበር። ናቅኳት። ስትነሣ ሰማያዊውን የብስኩት ጣሳ ከቦርሳዋ አወጣች፤ ቆሎ ሞልታበታለች። ፖሊሷ ለፍተሻ እጇን ሰደደችበት፤ ስታወጣው ጭብጥ ሙሉ ይዛ ነው፣ እዚያው ቆርጠም ቆርጠም አደረገችው። እቴጌ ከበሩ ተመልሳ "ጣሳውን አደራ፣ የማኅበሩ ነው" ብላኝ ሄደች።

ቆሎውን ከአስተማሪዋ ጋር ብርድ ልብስ ላይ አድርገን በላን። ገብስ መሆኑን ስነግራት አላመነችም። ቀስ እያልኩ ስለ ሴትዮዋ አጫወትኳት፤ ስለ ሰርጉ፣ ስለ ፉከራው፣ ስለ ወረቀቱ። ስጨርስ እየሳቀች ጭኗን መታች።

"ይቺን ሴት አውቃታለሁ! የእናንተው አገር ሰው ናት። ለልጆች ስንት ዓመት አስተምሬያታለሁ" አለች። "ካሲዮፒያ ትባላለች።"

ሰምቼ አላውቅም ነበር። ግሪኮች በተረታቸው የኢትዮጵያ ንግሥት ያሏት ሴት ናት አለችኝ። ኢትዮጵያ ያሉት የእኛን ይሁን የሌላ፣ እግዜር ይወቀው። ንግሥቲቱ "ልጄ ከባሕር ቆነጃጅት ሁሉ ትበልጣለች" ብላ ፎከረች። የባሕሩ አምላክ ተቆጣ። ጎርፍ ላከ፣ ከጎርፉ ኋላ ሰው የሚውጥ አውሬ ላከ። ጠንቋይ ሲጠየቅ ልጅቱን ከባሕሩ ዳር ከቋጥኝ ጋር አስራችሁ ለአውሬው ስጡት፣ አገሩ ይድናል አለ።

"ንጉሥ አልነበራትም?" አልኳት።

"ነበራት።"

"ምን አደረገ?"

"አለቀሰ።"

ሳቄ አመለጠኝ። ስልክ ቢኖረው ጆሮው ላይ ይለጥፍ ነበር።

"ሕዝቡ ነው ያስገደደው ይላሉ" አለች፣ ለንጉሡ ጠበቃ እንደ መቆም ብላ።

"ይላሉ" አልኩ። "ከዚያስ?"

"አሰሯት። አንድ ጀግና በዚያ ሲያልፍ አያት። ሊያድናት ፈለገ፤ ግን አስቀድሞ ከእናትና ከአባቷ ጋር ተዋዋለ። ካዳንኳት ትድሩልኛላችሁ አላቸው።"

"እሷ ታስራ እያለች?"

"ታስራ እያለች።"

"ሽማግሌ ላከባት በይኛ።"

በተረቱ ውስጥ አንድ ደህና ሰው ፈልጌ አጣሁ። እናቷ አፏን መግታት አልቻለችም፣ አባቷ እንባውን መግታት አልቻለም፣ ጀግናው ለገበያው ሲል ሰንሰለቱን አቆየ። ከሁሉም የተሻለው አውሬው ነው፤ እሱ እንኳ ልበላ መጣሁ ብሎ ነው የመጣው።

"ልጅቱስ ምን አለች?"

አስተማሪዋ አሰበች። "እኔ ባስተማርኩበት መጽሐፍ አንድም ቃል አትናገርም።"

ኮሪደሩ ላይ የብረት ባልዲ ሲጎተት ይሰማል።

"የእኛዋ ትብሳለች" አልኳት በመጨረሻ። "የግሪኮቹ ንግሥት ቢያንስ የሰጠችው የራሷን ልጅ ነው።"

ንግሥቲቱ የተቀጣችው ምን እንደሆነ ጠየቅኳት። ከነወንበሯ ሰማይ ላይ ሰቅለዋታል አለችኝ፤ ኮከብ ሆና አንዳንዴ ቀጥ ብላ፣ አንዳንዴ ተዘቅዝቃ ትዞራለች። ከጆሃንስበርግ ግን በቅጡ አትታይም፤ እሷን ለማየት ወደ ሰሜን፣ ወደ እኛ አገር መሄድ ያስፈልጋል። እዚያም ብትሆን ከወንበሯ አልወረደችም ማለት ነው አልኩ በልቤ።

ቆሎው እያለቀ ነበር። አስተማሪዋ ንጹሕ ሴት ናት፤ ጨውና ገለባው ብርድ ልብሱ ላይ እንዳይበተን ልትሰበስብበት ብላ ከጣሳው ታች ያለውን ክብ ወረቀት በጥፍሯ አነሣችው። ከሥሩ የታጠፉ ብጣሽ ወረቀቶች ተጣብቀው አየች። አንድ በአንድ ፈታች፣ መደቡ ላይ ደረደረቻቸው። አሥራ አንድ ነበሩ።

"ጸሎት ነው?" አለችኝ።

"ምኑ?"

"ጽሑፉን አላነበውም፤ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ሰው አንድ ነገር እንዲህ ደጋግሞ የሚጽፈው ሲጸልይ ነው ብዬ ነው።"

ጎንበስ ብዬ አየሁ። የእኔ ስም ነው። አሥራ አንዱም ላይ የእኔ ስም፣ በሊቀ መንበሩ የተንጋደደ እጅ ጽሑፍ። ደግሜ ደግሜ አየሁ፤ ሌላ ስም አንድ እንኳ ፈለግኩ። አልነበረም።

ተናደድኩ ማለት ይቀለኛል። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የመጣብኝ እፍረት ነው። አሜን ብዬ ነበራ! ፊቴ ጋለ፣ አስተማሪዋ እንዳታየኝ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ከዚያ እፍረቱ አለፈና ንቀቱ መጣ፤ እሱ እስካሁን አለ። ክፋታቸውን እንኳ በወጉ መሥራት አልቻሉም። ወረቀቱን ማቃጠል ይቻላል፣ ኪስ መክተት ይቻላል። ሰውዬው ሰው እንዳያይበት ቸኩሎ ከክቡ ወረቀት ሥር ወተፈው፣ ከዚያም ረሳው። ሚስቱ ደግሞ ሳታይ ቆሎ ሞላችበት። ጣሳ ማጠብ የሌላ ሰው ሥራ ነው ብላ የኖረች ሴት ናትና።

ለአስተማሪዋ ነገርኳት። ወረቀቶቹን እንደገና አንድ በአንድ አየቻቸው።

"ምን ልታደርጊ ነው?"

"አጥፌ እመልሳቸዋለሁ" አልኳት። ተካፍለን፣ እያንዳንዱን አራት ቦታ አጠፍነው። ጣሳውን በውኃ በራሰ ጨርቅ ወለወልኩትና ወረቀቶቹን ከተትኩበት።

በአራተኛው ቀን ሊቀ መንበሩ አባባን አስከትሎ መጣ። አንድ መርማሪ ፖሊስ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ጥግ ይዞ ስልኩን ይነካካል። ሁለቱ ገብተው ቆሙ። ተቀመጡ አልኳቸው።

"እሺ ካላልሽን አንቀመጥም" አለ ሊቀ መንበሩ።

ሽማግሌ አስቁሞ እምቢ ማለት በእኛ ዘንድ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። አባባን ያመጣው ለዚህ ነው። ብቻውን ቢመጣ እስኪመሽ አቆመው እንደነበር ያውቃል።

"ልጄ" አሉ አባባ። "ስንት ቤት ተዘግቶ ነው ያለው። የልጆች አባቶች ናቸው። ዕጣሽ ሆኖ ነው፤ አንቺ ብትሸከሚው ጌታ ይክስሻል።"

"አባባ፣ ዕጣውን ያወጡት እርስዎ ነዎት አይደል?"

"አዎ፣ በዚህ እጄ።"

"አንብበውታል?"

"መነጽሬን አልያዝኩም ነበር።"

"ዛሬስ?"

የኮታቸውን ኪስ ዳበሱ። "ይዣለሁ።"

ጣሳውን ከጎኔ አንሥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩትና ክዳኑን ከፈትኩ። "እንግዲያው አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ።"

ሊቀ መንበሩ ጣሳውን አየው። ለካ ሰው ሲገረጣ ከከንፈሩ ነው የሚጀምረው። "ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል፣ ጊዜያችንን..." ብሎ እጁን ሊሰድ ሲል መርማሪው ቀና አለ። "ማይ ፍሬንድ፣ ምንም እንዳትነካ" አለው።

አባባ መነጽራቸውን አደረጉ። እጃቸውን ከተቱ፣ አንዱን አወጡ፣ ፈቱት። ስሜን ጮክ ብለው አነበቡ። ወረቀቱን አጥፈው ሊመልሱ ሲሉ የቀሩትን አዩ መሰለኝ፣ ሳልጠይቃቸው ሌላ አወጡ። ይህንንም አነበቡ፤ ድምፃቸው ቀነሰ። ሦስተኛውን አነበቡት እንጂ አልሰማሁትም፤ ከንፈራቸው ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው። አራተኛውን ፈትተው ያዙት።

"አባባ" አልኳቸው። "አሁንም ፈርሚ ካሉኝ እፈርማለሁ። ስክሪብቶው ይኸው።"

ይህን ስል ለጨዋታ አልነበረም። ፈርሚ ቢሉኝ እፈርም ነበር፤ ከዚያ በኋላ የምኖርበት አገር የትም ቢሆን ለውጥ አልነበረውም። ሊቀ መንበሩ ወለሉን ያያል።

አባባ ተቀመጡ። እሺ ሳልላቸው፣ ማንም ሳይፈቅድላቸው፣ አግዳሚው ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ። በሕይወታቸው ስንት ሽምግልና የሄዱ ሰው ናቸው፤ ሳይፈቀድላቸው የተቀመጡት ያን ቀን ብቻ ይመስለኛል።

"እግሬ ከዳኝ" አሉ። ከዚያ ወደ መርማሪው ዞሩ። እንግሊዝኛቸው ሱቅ ውስጥ የለቀሙት ነው። "ሚስተር፣ ዘ ቮይስ... ኖት ዚስ ገርል። አይ ዋዝ ዜር። ኖት ዚስ ገርል።"

"የማን ነው ታዲያ?" አለ መርማሪው።

አባባ ሊቀ መንበሩን አዩት። እሱ ከወለሉ ቀና አላለም። ሽማግሌው እንደገና "ኖት ዚስ ገርል" አሉና አለቀሱ። የእርሳቸው ለቅሶ ግን እንደዚያ ንጉሥ አልነበረም፤ ከተናገሩ በኋላ የመጣ ነው። ወረቀቱ ሳይፈረም ተመለሰ።

ከሦስት ቀን በኋላ ለቀቁኝ። አስተማሪዋን ከዚያ ቀደም ብለው ወስደዋት ነበር። ስትወጣ ጫማዋን ቀስ ብላ አሠረች፤ "እኔ አሁን ለልጆቹ ስናገር ልጅቷ ተናገረች እላቸዋለሁ" ብላኝ ሄደች። እቴጌን ማንም አልጠራት፣ ማንም አልጠየቃት። ሱቆቹ አንድ በአንድ ተከፈቱ፣ ነገሩ እንዲሁ ቀዘቀዘ። ፍርድ የጠበቀ ካለ ይቅርታ፣ እኔም ጠብቄ ነበር።

ጣሳው ግን እኔ ጋ ቀርቶ ነበር። አደራ ተብያለሁ። የሰው ዕቃ ደግሞ ባዶውን አይመለስም፤ እናቴ እንዲያ ነው ያሳደገችኝ። ስለዚህ ማስመሪያዬን አወጣሁ። ከደብተር ገጽ ላይ እኩል እኩል ቆረጥኩ፣ የማኅበሩን አባል ሁሉ ስም ጻፍኩ፣ ለአንድ ሰው አንድ። የሊቀ መንበሩን ጻፍኩ፣ የእቴጌን ጻፍኩ፣ የራሴንም ጻፍኩ። አራት ቦታ አጥፌ ከታች አኖርኩት፣ ክቡን ወረቀት አለበስኩት፣ ከላይ ቆሎ ሞላሁበት። በራፏ ድረስ ወስጄ "አመሰግናለሁ፣ እትዬ" ብዬ ሰጠኋት። "ምነው ተቸገርሽ፣ ልጄ" አለችኝ። ቆሎውን በልታ ታች ትድረስ አትድረስ አላውቅም። ከጸሐፊነቱ ግን በዚያው ሳምንት ወጣሁ።

ይህ ከሆነ ሦስት ዓመት አለፈው። አሁን ሱቄ ምድር ቤት ናት፣ ፖሊስም ቢመጣ አያለከልክም። አልፎ አልፎ ሰው "ይቅር አልሻቸው?" ይለኛል። ይቅርታ ለጠየቀ ነው የሚሰጠው፤ እነሱ የጠየቁኝ ጣሳውን ብቻ ነው።

ባለፈው ወር እዚያው ሕንፃ ላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለው አዳራሽ ሰርግ ነበር። አባባ ከጎኔ ተቀምጠዋል፤ አርጅተዋል፣ ከዘራ ይዘዋል። እቴጌ ገባች። እንደ ድሮው አዳራሹ ሁሉ ከወንበሩ ተነሣ፣ የወንበሩ ድምፅ ራሱ ጆሮ ይሞላል። እኔ አልተነሣሁም፤ ከዚያ ወዲህ ተነሥቼላት አላውቅም። በሰዉ መሐል ቁልቁል አየችኝ፣ ነጠላዋን አስተካክላ አለፈች። ዞር ስል አባባም እንደ ተቀመጡ ናቸው።

"ጉልበቴን ነው፣ ልጄ" አሉኝ፣ ሳልጠይቃቸው። "ዛሬ አላስነሣኝም።"

"አይዞዎት፣ አባባ" አልኳቸው።

ሰርጉ አልቆ ስንወጣ ልደግፋቸው እጄን ዘረጋሁ። ከዘራቸውን ብብታቸው ሥር ወሸቁና ደረጃውን ቀድመውኝ ወረዱ።